ከመስመሩ እስከ አጥሩ

ወረታ
ሐምሌ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰርክዬ፣

እንደምን ከርመሻል? የአዳማ ሙቀትስ እንዴት ይዞሻል? እኔ፣ ልጆቼና ሱቄ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን። እዚህ ደህና ያልሆነው ዝናቡ ብቻ ነው።

ደብዳቤሽን እንግዳው የሚባለው የሩዝ ጫኝ መኪና ሾፌር በእጄ ሰጠኝ። ስልኩ እየተቆራረጠ «ሃሎ፣ ሃሎ» ስንባባል ከምንውል ወረቀት ይሻላል ያልሽው እውነት ነው። ወረቀት ቢዘገይም መሀል ላይ አይቋረጥም።

«ዋንጫውን ካነሣችሁ በኋላ ምን ቀራችሁ?» ላልሽኝ፣ የቀረን መጫወቻ ነው። ክለባችን ጉማራ ሴቶች በሰኔ የዞኑን ዋንጫ ወስዶ ወደ ክልሉ ውድድር ሲያልፍ ንብረት በሕዝብ ፊት አለቀሰ። ንብረትን ታውቂዋለሽ፤ ወፍጮ ቤቱን ለሚስቱ ትቶ የክለባችን ሥራ አስኪያጅ ከሆነ ወዲህ የሚያስለቅሰው ነገር በዝቷል። እንባው ሳይደርቅ ከውድድሩ ኮሚቴ መመሪያ መጣ። የራሱ ሜዳ የሌለው፣ ሜዳውም አጥር፣ መልበሻ ክፍልና መጸዳጃ ቤት የሌለው ክለብ ፈቃድ አያገኝም። ፈቃድ የሌለው ደግሞ አይጫወትም። እኔ አሠልጣኝ ስባል አሥራ አንድ ልጅ ማሰለፍ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ሽንት ቤት ማስቆፈርም ኖሯል።

የከተማው ሜዳ የግንብ አጥር አለው፤ እዚያ እንጫወት ብለን ጠየቅን። ቅዳሜና እሑድ ለወንዶቹ ተይዟል ተባልን። እንግዲያው ሰኞን ስጡን አልን። «ሰኞ ሣሩ ያርፋል» አሉን። አየሽ፣ ለሣሩ የታሰበለት ዕረፍት ለእኛ ጨዋታ አልተገኘም።

ስለዚህ ያለን አንቺ ያደግሽበት የቁሐር ሚካኤል ሜዳ ነው። ቀበሌው ፈርሞ ሰጥቶናል፤ እግዜር ይስጠው። አሁን ግን ከነጎሉ ውሃ ውስጥ ነው። የኮሚቴው ሜዳ መርማሪ የሚመጣው በነሐሴ ነው አሉ። በነሐሴ ፎገራ ላይ ሜዳ ልይ የሚል ሰው ታንኳ ይዞ ይምጣ።

መባ እህትሽ ደህና ናት። አሁንም የቀኝ ክንፍ ናት፤ አሁንም ኳስ ከመስመር ወጥታ እንኳ መሮጥ አታቆምም። አባትሽን መሪጌታን ገበያ ላይ አገኘኋቸው። «ሁለቱም ልጆቼ በእግራቸው ይኖራሉ፤ እኔ በጉሮሮዬ» ብለው ሳቁ። ወደ ሜዳው ግን ዛሬም አይመጡም።

በክለባችሁ ሜዳ አጥሩ ከጎን መስመሩ ምን ያህል እንደሚርቅ አይተሽ ጻፊልኝ። እዚህ የሚያውቅ አጣሁ።

እህትሽ ሀሚዳ

* * *

አዳማ
ነሐሴ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ እትዬ ሀሚዳ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ልጆችሽን ሳሚልኝ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ጤናዬ ደህና ነው።

እንዳልሽኝ ሜዳችንን ራሴ ለካሁት። ከጎን መስመሩ እስከ አጥሩ ሦስት ሜትር ነው፤ ከጎሉ ጀርባ ደግሞ ይበልጣል። አሠልጣኛችንን ለምን እንደሆነ ጠየቅኋት። «በሙሉ ኃይሏ የምትሮጥ ልጅ ኳሷ ስትወጣ እዚያው ላይ ልትቆም አትችልም፤ ሩጫዋ የሚበርድበት ቦታ ትፈልጋለች» አለችኝ። ስለዚህ ከሦስት እንዳታሳንሱ። ሌላው ሁሉ ቢጓደል ይህን አትለፉት።

«ስንት ጎል አገባሽ?» እንደምትይኝ አውቃለሁ። ለአንቺ አልዋሽም። ከፋሲካ ወዲህ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ነኝ። አዲስ አጥቂ አመጡና እኔ ውሃ አቀባይ ሆንኩ። ለመጪው ዓመትም ትሰለፊያለሽ ብሎ ቃል የሰጠኝ የለም። ይህን ለአባባ እንዳትነግሪያቸው። ከቅዳሴ ሲወጡ ሰው ሁሉ «ልጅዎ እንዴት ናት?» ይላቸዋል፤ እሳቸውም «ትሰለፋለች» እያሉ ነው አሉ። በአደባባይ አላሳፍራቸው።

መባን «ስትሮጪ ቀና በይ» በያት። እሷ ኳሷን እንጂ ሌላ ነገር አታይም።

ታናሽሽ ሰርክ

* * *

ወረታ
መስከረም 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሰርክዬ፣

እንኳን አደረሰሽ። ዓመቱ ለአንቺ የመሰለፊያ፣ ለእኛም የመጫወቻ ይሁን። የነገርሽኝን ለማንም አልነገርኩም፤ በዚህ በኩል ልብሽን ጣይ።

መርማሪው እንደተባለው መጣ። በእውቀቱ ይባላል፤ የባሕር ዳር ልጅ ነው፤ ጨዋ ነው፤ ጫማው ግን አዲስ ነበር። አስፋልቱ ዳር ቆሞ፣

«ሜዳው የታለ?» አለኝ።

«ያ ነው» ብዬ አሳየሁት።

«የቱ?»

«ያ ውሃው።»

ልጆቹ ሳቁ። እሱም ሊስቅ ፈልጎ ተወው። ጫማውን አውልቆ፣ ሱሪውን ሰብስቦ እስከ መሀል ድረስ ተከተለኝ። ይህን አልረሳለትም። ሲመለስ «እትዬ ሀሚዳ፣ ሕጉን እኔ አላወጣሁትም። በጥቅምት መጀመሪያ ተመልሼ እመጣለሁ። መልበሻ ክፍል፣ መጸዳጃ፣ አጥር። ሦስቱን ካየሁ ፈቃዱን እጽፋለሁ» አለ።

ከዚያ ወዲህ ኳስ የነካንበትን ቀን እኔ እንጃ። ልጆቹ ዶማና አካፋ ይዘው የውሃ ቦይ ሲቆፍሩ ሰነበቱ። አባትሽ የሰበካ ጉባኤውን ለምነው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ የተረፈውን ቆርቆሮ አሰጡን፤ በእሱ መልበሻ ክፍል አቆምን። ለመጋረጃው ከሱቄ አበባማ ጨርቅ አወጣሁ። የመጸዳጃውን ጉድጓድ ሁለት ጊዜ ቆፍረን ሁለት ጊዜ ውሃ ሞላው። ሦስተኛው ከፍ ያለው ቦታ ላይ ጸና።

አጥሩ ላይ ግን ተጣላን። በሰሜን በኩል ሜዳው የሚያልቀው የአያልነህ የሩዝ ማሳ ላይ ነው። ሦስት ሜትር ይራቅ ካልን ምሰሶው ማሳው ውስጥ ይገባል። ወደ ደቡብ እንዳንገፋ ትልቁ ቦይ አለ። ሜዳውን እንዳናጠብ ስፋቱ አሁን እንኳ የሕጉ ዝቅተኛ ልክ ላይ ነው። አያልነህን ሄጄ ለመንኩት። «አምና ጎርፍ በላብኝ። ዘንድሮ ገና ዘለላ ሲይዝ ለኳስ ብዬ ልጨደው?» አለኝ። አልፈረድኩበትም። የእሱ ልጆች ጉሮሮ ያለው እዚያ ማሳ ላይ ነው።

ንብረት ምሰሶውን ከመስመሩ አንድ እርምጃ ተኩል ላይ አስተከለው። የባሕር ዛፍ ግንድ፣ ወፍራም። አንቺ የጻፍሽልኝን አነበብኩለት። «መመሪያው አጥር አለ ወይ ነው የሚለው እንጂ አጥሩ የት አለ አይልም» አለኝ። ጮኽኩበት። እሱም ጮኸብኝ። «እንግዲያው አንቺ በምላስሽ አጥሪው!» ብሎኝ ሄደ። ሩዙ እስኪታጨድ ነው፣ ሁለት ወር ነው ብዬ ዝም አልኩ።

እንዲህ ነው እንግዲህ። ደክሞኛል። ሌላ ጊዜ ረጋ ብዬ እጽፍልሻለሁ።

ሀሚዳ

* * *

ወረታ
ጥቅምት 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሰርክዬ፣

ሰላም ነሽ? ቶሎ ያልመለስኩልሽ ሥራ በዝቶብኝ ነው፤ አትቀየሚኝ።

ፈቃዱ ተሰጠን። ማኅተም ያለበት ነው። ንብረት በመስታወት አስገብቶ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ሰቅሎታል። በኅዳር መጀመሪያ ቁሐር ላይ የመጀመሪያውን ጨዋታ እናስተናግዳለን። «ደስ አላላችሁም?» ብትይኝ፣ ከተማው ደስ ብሎታል።

መባ ስልክ የማታነሣው ስልኳ ውሃ ገብቶበት ነው። ደህና ናት። አባትሽም ደህና ናቸው፤ ለአንቺ ሰላምታ ብለዋል። ስለ እነሱ አታስቢ፤ የውድድር ዓመትሽ መጀመሪያ ነው፤ ልብሽን ሰብስበሽ ተለማመጂ።

እንግዳው ቸኩሏል። ቻው።

ሀሚዳ

* * *

አዳማ
ጥቅምት 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

እትዬ ሀሚዳ፣

ሰላምታ አልጽፍም።

እንግዳው ትናንት ደብዳቤሽን ሲሰጠኝ «የእህትሽ እግር ተሻላት?» አለኝ። የማውቅ መስሎት ነው፤ በእሱ አትፍረጂ። «ምን እግር?» አልኩት። ፊቱ ተለዋወጠ። ከዚያ በኋላ ቃል በቃል እየጎተትኩ አወጣሁበት። መባ ከተሰበረች ሳምንታት ሆኗታል። ደብረ ታቦር ሆስፒታል ተኝታ ወጥታለች። አንቺ ደግሞ «ስልኳ ውሃ ገብቶበት ነው» ብለሽ ጽፈሽልኛል።

እኔ ሽንፈቴን፣ ውርደቴን ለአንቺ ነው የምጽፈው። እናቴ ከሞተች ወዲህ እህትም እናትም ያልኩሽ አንቺን ነው። የመጀመሪያውን ታኬታ ጫማ የገዛሽልኝ አንቺ ነሽ። መንደሩ «የመሪጌታ ልጅ ቁምጣ ለበሰች» ሲል አባባ ፊት ቆመሽ የተከራከርሽልኝ አንቺ ነሽ። እንዴት አስቻለሽ?

ሦስት ሜትር ብዬሽ ነበር። በእጄ ለክቼ ጽፌልሽ ነበር።

ምን እንደ ሆነ ሁሉንም ጻፊልኝ። ደህና ናት የሚለውን ቃል ግን እንዳትጽፊው።

ሰርክ

* * *

ወረታ
ጥቅምት 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሰርክ፣

ይገባሻል። ብትሰድቢኝም ይገባሻል። እንዳልሽኝ ሁሉንም እጽፋለሁ።

ቅዳሜ ልምምድ ላይ ነበርን፤ በመስከረም መጨረሻ። ውሃው ሸሽቶ ሜዳው ገና መረገጡ ነበር። ልጆቹ ከዚያ ሁሉ ቁፋሮ በኋላ ኳስ በማግኘታቸው እንደ ጥጃ ይቦርቁ ነበር። ከመሀል ረጅም ኳስ ተላከ፤ መባ ከግራ ተከላካያችን ከገላነሽ ጋር ተሽቀዳደመች። ገላነሽ ምሰሶውን አይታ ቆመች። መባ አልቆመችም። መሬቱም እርጥብ ነበር፤ ልትቆም ስትል አንሸራተታት። ከጉልበቷ በታች ያለው አጥንት ምሰሶው ላይ ነው ያረፈው። ድምፁን ሁላችንም ሰማን።

ሮጬ ስደርስ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? «ኳሷ ወጥታ ነበር?» አለችኝ። «አልወጣችም» አልኳት። ወጥታ ነበር።

በነጠላዬ አሥሬ፣ በባጃጅ ወረታ፣ ከዚያ በሚኒባስ ደብረ ታቦር። አባትሽ መንገድ ላይ ደረሱብን። ሰዎች ጣራ ገዳም ጸበል ትወሰድ ይሏቸዋል፣ አንዱ ወጌሻ ይላል። እሳቸው «ጸበሉም ሐኪሙም የእግዚአብሔር ነው፤ መኪናው የቆመው ግን ወደ ሐኪሙ ነው» ብለው ገቡ። ሐኪሞቹ አጥንቱን አስተካክለው ጀሶ አደረጉላት። ለረጅም ጊዜ አትረግጥም። ከዚያ በኋላ ትሮጣለች ወይ ስላቸው «ልጅ ናት፣ ይሆናል» አሉኝ። ይሆናል ነው ያሉኝ፤ አልጨምርበትም።

ለአንቺ እንዳልጽፍ የነገሩኝ አባትሽ ናቸው። ከአልጋዋ አጠገብ ቆመው «አንች ሀሚዳ፣ ትልቋ ዘንድሮ ቦታዋን ለማግኘት እየታገለች ነው፤ ይህን ከሰማች ጥላው ትመጣለች። አትንገሪያት» አሉኝ። እኔ ስለ ወንበሩ ነግሬያቸው አይደለም። ራሳቸው ገምተዋል። እሺ አልኳቸው። አንቺ ከእሳቸው ደብቂልኝ አልሽ፣ እሳቸው ከአንቺ ደብቂ አሉ፤ እኔ በመሀል እንደዚያ ምሰሶ ተተክዬ ቀረሁ።

አሁን ደግሞ ያልጠየቅሽኝን ልንገርሽ። ከዚያ በኋላ በእውቀቱ መጣ። መልበሻ ክፍሉን አየ፤ መጋረጃውን አደነቀ። መጸዳጃውን አየ። ወደ አጥሩ ሲዞር ጠብቄ «ይህ ምሰሶ የልጅ እግር ሰብሯል» አልኩት። ከመስመሩ እስከ ምሰሶው በዓይኑ ለካው። ከዚያ «እትዬ፣ ርቀቱን ከጻፍኩ ዘንድሮ አትጫወቱም። አጥር አለ ብዬ ብቻ ከጻፍኩ ትጫወታላችሁ። የቱን ልጻፍ?» አለኝ። ልጆቹ ከበውን ቆመዋል። ንብረት እጁን አጣምሮ ያየኛል። ክረምቱን ሙሉ የቆፈሩት፣ የተሸከሙት በዓይኔ መጣብኝ። ዝም አልኩ። ዝምታዬን እንደ እሺታ ወስዶ ጻፈው።

ፈቃዱ በመስታወት ውስጥ ነው ያልኩሽ ያ ነው።

ኅዳር ሰባት ቀን እንግዳ ቡድን ይመጣል። በዚያ ምሰሶ አጠገብ ገላነሽን እንዳላሰልፍ ልቤ ቆርጧል። ጨዋታው ሌላ ቦታ ይሁን ብዬ ኮሚቴውን ጠየቅኩ፤ «ፈቃድ ያገኘ ሜዳ እያላችሁ ለምን?» አሉኝ። ሩዙ እስኪደርስ ይራዘም አልኩ፤ ሩዝ በመመሪያው ውስጥ የለም ተባልኩ። ካልተጫወትን በፎርፌ እንሸነፋለን። እንዲህ ታስሬያለሁ።

አልለምንሽም። ስትፈልጊ ጻፊልኝ።

ሀሚዳ

* * *

አዳማ
ኅዳር 1 ቀን 2018 ዓ.ም.

እትዬ ሀሚዳ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አሁንም ተቀይሜሻለሁ፤ ግን ሰላም ነሽ ወይ?

ለአባባ ደወልኩ። በስንት ልፋት ተገኙ። ወንበር ላይ መሆኔን ራሴ ነገርኳቸው። ዝም ይላሉ ብዬ ስፈራ «ሰሞንሽ አልደረሰም ማለት ነው፤ ካህን እንኳ የሚቀድሰው ሰሞኑ ሲደርስ ነው» አሉኝ። ስልኩ ተቋረጠ። አልቅሼ ነበርና እንኳን ተቋረጠ።

መባን ማነጋገር አልቻልኩም። ተኝታለች ይላሉ። እሷም ትሸሸኛለች መሰለኝ።

«አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?» ብለሽ በጠርዙ ላይ በእርሳስ ጽፈሽ ሰርዘሽዋል። አንብቤዋለሁ። እኔ ብሆን ልጆቹን እጠይቃቸው ነበር። የሚሮጡት እነሱ ናቸው።

ሰርክ

* * *

ወረታ
ኅዳር 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሰርክዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? የአባትሽን ቃል ሳነብ ሳቅኩም አለቀስኩም።

ጠየቅኋቸው። በጨዋታው ዕለት ጧት መልበሻ ክፍሉ ውስጥ ሰብስቤ «ከዚህ አጥር አጠገብ እንጫወታለን ወይስ ፎርፌ እንቀበላለን?» አልኳቸው። ፎርፌ ማለት ሦስት ለዜሮ እንደሆነ፣ ሁለተኛ ከደገመን ከውድድሩ እንደምንባረር ሁሉ ነገርኳቸው። ገላነሽ ብቻ ካልሲዋን እየሳበች «እኔ እዚያ ጋ ነው የምጫወተው። ስሮጥ ኳሷን ልይ ወይስ ምሰሶውን?» አለች። ተነሥታ ወጣች። ሌሎቹም ተከተሏት።

ምሰሶዎቹን ነቀሏቸው፣ ሰርክ። በሜዳ ልብሳቸው፣ እየወዘወዙ፣ እየተጋገዙ። በሰሜን በኩል ያለውን ሁሉ ነቅለው ቦዩ ዳር ደረደሩት። ንብረት ከባጃጁ ወርዶ ሲያይ እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

«አበዳችሁ! ፈቃዱ እኮ ነው ይህ! ፈቃዱን ነቀላችሁት!»

«ፈቃዱ ወፍጮ ቤትህ ተሰቅሏል» አልኩት። ክፉ አነጋገር ነበር። እሱም ለፍቷል፤ አውቃለሁ። ግን ወጣልኝ።

የጨዋታ ኮሚሽነሯ ደረሰች። ጥብቅ ሴት ናት፤ ከእኔ በዕድሜ ትበልጣለች። ሜዳውን ዞራ መጥታ፣

«በዚህ በኩል አጥር የታለ?» አለች።

«ተኝቷል» አልኳት።

ሁሉን ነገርኳት። መባን፣ ሩዙን፣ ሦስት ሜትሩን። ስጨርስ «እህቴ፣ አምንሻለሁ። ግን በተፈቀደው ሁኔታ ላይ ያልሆነ ሜዳ ላይ ማስጀመር አልችልም። ባስጀምር ነገ እኔ እጠየቃለሁ» አለች። ሕዝቡ ገመድ ይዘን እንቁም አለ። አይሆንም። ሽማግሌዎቹ እንለምን አሉ። አይሆንም። የተወሰነውን ጊዜ ጠበቀች፣ ዳኛውን ጠራች፣ ፊሽካ ተነፋ፣ ተሸነፍን። አንዲት ኳስ ሳትነካ ሦስት ለዜሮ።

ልጆቹ ሣሩ ላይ ቁጭ አሉ። እኔ የማደርገው ጠፋኝ። ከዚያ የእንግዳዎቹ አምበል፣ ረጅም ልጅ ናት፣ ወደ እኔ መጥታ «አሠልጣኝ፣ ይህን ሁሉ መንገድ የመጣነው ለመቀመጥ አይደለም። ዝም ብለን እንጫወት?» አለችኝ። ኮሚሽነሯን አየኋት። ቦርሳዋን ዘግታ «እኔ ሥራዬን ጨርሻለሁ» አለችና የተመልካች ቦታ ሄዳ ተቀመጠች።

ተጫወትን። በአያልነህ በኩል አጥር የለምና ኳሷ እየደጋገመች ሩዙ ውስጥ ገባች። አያልነህ ማሳው ውስጥ ቆሞ ይጠብቃል። መጀመሪያ እየተሳደበ ወረወራት። ቀጥሎ ሳይሳደብ። በኋላ በእግሩ መለሳት፤ ሕዝቡ አጨበጨበለት። አንዴ ገላነሽ ራሷ በሩጫ መስመሩን አልፋ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ውስጥ ገብታ ቆመች፤ እየሳቀች ወጣች። አያልነህ አየና ጠራኝ።

«ያች ልጅ የተሰበረችው እዚህ ጋ ነው?»

«አዎ።»

ዞሮ ማሳውን አየ።

ሁለት ለአንድ አሸነፍን። የትም አይጻፍም። አባትሽ መጥተው ነበር። ጥላቸውን ዘርግተው ከሴቶቹ ኋላ ቆመው አዩ። «መባ እንዴት አለች?» ስላቸው «እንድመጣ የላከችኝ እሷ ናት፤ የሆነውን አንድ ሳይቀር ንገሩኝ ብላለች» አሉኝ።

ንብረት አያናግረኝም። ኮሚቴው ማስጠንቀቂያ ልኳል። ቀጣዮቹ ጨዋታዎች ከሜዳችን ውጭ ናቸው፤ ለጊዜው እንተነፍሳለን።

ሀሚዳ

* * *

ወረታ
ታኅሣሥ 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሰርክዬ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። እሑድ ዕለት ግማሽ ሰዓት መሰለፍሽን ለመሪጌታ ነገርኳቸው። «ሰሞኗ ደረሰ» ብለው ለዲያቆናቱ ሁሉ አወሩ። እኔም ደስ ብሎኛል፤ ጎል አላገባሁም ብለሽ አትቆዝሚ።

ስለ ሩዙ ለጠየቅሽኝ፣ አያልነህ አጨደው። በኅዳር መጨረሻ አንድ ጧት ስንደርስ ከሜዳው ጎን ያለውን ጠርዝ ብቻ አጭዶ ነዶውን ከምሮታል። ላመሰግነው ስሄድ ተቆጣ። «ደርሶ ነው ያጨድኩት፤ ለእናንተ ብዬ አይደለም» አለኝ። የቀረው ማሳ ግን ገና አረንጓዴ ነበር። ቀበሌው በታች በኩል ካለው የግጦሽ መሬት ምትክ ሊሰጠው ፈርሟል። እስካሁን አልተለካለትም። በየሳምንቱ ቀበሌ እመላለሳለሁ፤ «ለኪው መስክ ወጥቷል» ይሉኛል። አያልነህ ሲያየኝ ምንም አይልም፤ ያ ከስድብ ይከብደኛል።

ምሰሶዎቹን በሦስት ሜትር ተከልናቸው። በእውቀቱ መጣ። አሁን የመለኪያ ሜትር ይዞ ነበር፤ ማንም ሳይጠይቀው ራሱ ለካና አጥሩን አጸደቀልን። «ለመጪው ዓመት ርቀቱ በመመሪያው እንዲገባ አሳስቤያለሁ» አለኝ። ተቀበሉህ ወይ ስለው ትከሻውን ነቀነቀ። የተወሰደብን ነጥብስ ብለው «እሱ ያለፈ ነገር ነው» አለ። ያለፈ ነገር! ከታች ሁለተኛ ነን፤ ያ ነጥብ ቢኖረን መሀል ላይ ነበርን። ልጆቹ ደረጃውን ባዩ ቁጥር እኔን ቀና ብለው ያዩኛል። ሁለቱ ትተውን ወደ ሌላ ክለብ ሄደዋል። አልፈርድባቸውም፤ ማታ ግን ሱቄን ስዘጋ ያመኛል።

ስለ መባ። ጀሶው ተፈቷል፤ በምርኩዝ ትሄዳለች። ወደ ኳስ ትመለሳለች ወይ ብለሽ ለጠየቅሽው፣ እኔም ጠይቄያታለሁ፤ መልሳልኛለችም። ግን ከእንግዲህ በእናንተ መሀል ቃል አላቀባብልም። ራሷ ትጽፍልሻለች። ጀምራዋለች፤ አይቻለሁ። አትቸኩሊባት።

ትናንት ቁሐር ላይ የመጀመሪያውን ሕጋዊ ጨዋታ አስተናገድን። ያችው ጥብቅ ኮሚሽነር ነበረች። አጥሩን ዞራ አየች፤ ስታልፍ በእጇ አንዱን ምሰሶ መታ አደረገች። ሕዝቡ ሙሉ ነበር። ንብረት ከወር በላይ ዘግቶኝ ከርሞ ትናንት መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

አንድ ለዜሮ ተሸነፍን። ከማዕዘን ምት፣ በመጨረሻ ላይ፣ ኳሷ በእኛው ልጅ ጉልበት ተመትታ ገባች። ከዚህ የከፋ ሽንፈት የለም። ፊሽካው ሲነፋ ልጆቹ እየተደጋገፉ፣ ጭቃቸውን እየጠረጉ፣ አንዷ እያለቀሰች፣ ሁሉም በሁለት እግራቸው ወደ መልበሻ ክፍል ሄዱ።

ንብረት አያቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣

«ለዚህ ነው ያ ሁሉ?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት።

ሀሚዳ